ጥቁር ጨርቅ የለበሰው ጠርሙስ

«ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አለች ኤርሊን። የተቆለለ ሳህን ታቅፋ የጓሮውን በር በክርኗ ገፍታ ገና መውጣቷ ነው።

በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ሟቹ ባሏ ክሎቪስ ለወፎች የስኳር ውሃ ጠርሙስ ይሰቅልበት በነበረው መንጠቆ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል። ጠጋ ብላ አየችው። ጠርሙሱ ራሱ ነው። ከአናቱ እስከ ቂጡ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ወገቡ ላይ በሲባጎ ታስሯል።

«እኔ ነኝ የሸፈንኩት» አለች ኦዚት ከበረንዳው ወንበር ላይ። ኦዚት የክሎቪስ ታላቅ እህት ናት። በዚህ ባዩ በሚሉት ረግረጋማ ወንዝ ዳር ሰው ሲሞት ሰዓት የምታስቆመው፣ መስተዋት የምትሸፍነው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የምታዘው እሷ ናት። ማንም አልሾማትም፣ ማንም ውረጂ አላላትም። «መስተዋቱን ስሸፍን ይኼንንም አየሁት። ብርጭቆ ነው። ፊት ያሳያል።»

«ውጭ ነው እኮ ያለው እትዬ ኦዚት።»

«ነፍስ ውጭና ውስጥ ታውቃለች? ስታልፍ መልኳን ካየች እዚያው ተይዛ ትቀራለች።»

«ስኳር ውሃ ውስጥ?» አለች ኤርሊን። «የወንድምሽ ነፍስ አምላኳ ፊት ቆማ መልስ እየሰጠች ነው። ብዙ የምትመልሰው አለባት። ጠርሙስ ለመላስ ጊዜ የላትም።»

ኦዚት አማተበች። ለነፍሱ ይሁን ለኤርሊን አፍ አልታወቀም።

ወዲያው ወፏ መጣች። አበባ ጠቢ ነው የምንላት። አውራ ጣት ብታህል ነው፤ አፏ እንደ መርፌ ቀጥኖ ረዝሟል፤ ክንፏ ከፍጥነቱ የተነሳ አይታይም፣ ሩቅ ቤት የልብስ ስፌት መኪና ሲሠራ የሚመስል ድምፅ ብቻ ይሰማል። አረንጓዴዎቹ አበባ ጠቢዎች በመስከረም ጠግበው ባሕሩን ተሻግረው ይሄዳሉ። ይቺኛዋ የዛገ ሚስማር መልክ ያላት ናት። ሰው ሁሉ ጠርሙሱን አጥቦ ካስቀመጠ በኋላ፣ የሸንኮራ ማሳው ሲቃጠልና ጢሱ ልብስ ላይ ሲያርፍ፣ ያን ጊዜ ነው ከምዕራብ ተራሮች የምትመጣው።

ጨርቁ ፊት አየር ላይ ቆመች። በግራ አየችው፣ በቀኝ አየችው፣ ከሥር ገብታ አየችው። በአፏ ነካ አደረገችው። ከዚያ ዞራ ኤርሊን አፍንጫ ሥር መጥታ ቆመች።

«እኔን ምን ታዪኛለሽ?» አለቻት ኤርሊን። «የሸፈነችብሽ እዚያ ተቀምጣለች።»

ሳህኖቹን ይዛ ወደ ገንዳው ሄደች። ጨርቁን ግን አላነሳችውም። ብታምኑም ባታምኑም፣ የኦዚት ቂልነት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅሟት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎቪስ ልቡ ከድቶት ሆስፒታል ሲተኛ ኤርሊን መቁጠሪያዋን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ቄሱ መጥቶ ቅዱሱን ዘይት ቀብቶት ሄዷል። ነርሷ «ሊናገር ይፈልጋል» አለቻትና ኤርሊን ጆሮዋን አፉ ላይ ደፋች። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚለው ነገር ይታወቃል። ይቅር በይኝ ይላል። ተባረኪ ይላል። ምንም ቢያጣ ማርያምን ይጠራል።

«ጠርሙሱን እንዳትረሺ» አለ ክሎቪስ። «ብርድ ሲመጣ።»

አለቀ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ይኼን ሁሉ ዘመን ሸሚዙን ተኩሳለት፣ ጉንፋኑን አስታማለት፣ ልጅ ወልዳለት፣ ለእሷ የተረፋት ቃል ይኼ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ «ምን ብሎ አረፈ?» ሲላት «ማርያምን ጠርቶ» ትላለች። ውሸት ነው፤ መናዘዝ አለባት፤ ትናዘዘዋለች። ግን ባሌ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ያሰበው ለወፍ ነው ብላ ለግራ ጎረቤቷ ለአዜሊ ከምትነግራት ምላሷን ብትቆርጠው ይሻላታል።

አልረሳም፣ አለች በልቧ። አውቄ ነው የምተወው።

እንባ የሚባል አልወጣትም። ይኼንንም ሰው ቆጥሮባታል።

«አንዲት ጠብታ!» ትላለች አዜሊ ወጥ ቤት ውስጥ። ስታንሾካሹክ ሳሎን ድረስ ይሰማል። «ሣጥኑ ሲዘጋ እንኳ አፍንጫዋን አልጠረገችም። እኔ የውሻዬ ጊዜ ሦስት መሐረብ ጨርሻለሁ።»

«ውሻሽ ደህና ባል ነበራ» አለች ኤርሊን ከሳሎን ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ተንኳኳ።

ኤርሊን ሁሉንም ታያቸዋለች። ሬት የመሰለውን ጥቁር ቡና ይጠጣሉ፣ የባሚያውን ሾርባ በሩዝ ይበላሉ፣ የድንች ሰላጣውን «ማነው የሠራው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ መልሱን ሰምተው ሳህናቸውን ያስቀምጣሉ። አንዱ የክሎቪስን ፒክአፕ ጎማ በእግሩ ነካ ነካ ሲያደርግ በመስኮት አየችው። ወጣቱ ቄስ በፍታቱ ላይ «ወንድማችን ክሎቪስ የእግዚአብሔርን ፍጥረት ይወድ ነበር» ብሎ ሰበከ። ወንድማችሁ ክሎቪስ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሚታየው ለፋሲካና ለሰው ቀብር ነበር። ለራሱ ቀብር ብቻ ነው አስቀድሞ የደረሰው።

«እማ፣ ትንሽ ቅመሺ» አለቻት ልጇ ዣኔል። ከሂዩስተን መጥታ የወጥ ቤቱን ሥራ የያዘች እሷ ናት።

«ጠግቤያለሁ። እነሱን እያየሁ ጠገብኩ።»

ጓሮው ሌላ ጉድ ነው። የጎረቤት ሣር ሁሉ የወታደር ጭንቅላት ይመስል ተላጭቷል። የክሎቪስ ጓሮ ያበደ ሰው ፀጉር ነው። ጥምጥም የሚመስለው ቀይ አበባ አጥሩን ደፍቶታል፤ አናናስ የሚሸተው ቁጥቋጦ መንገዱን ዘግቶታል፤ ሌላም ሌላም ቀይ ነገር አለ። ሁሉም ሌላው አበባ ሲረግፍ የሚያብብ ነው። «ቁረጠው» ስትለው «ውርጭ እስኪቆርጠው» ይላል። የማርያም ማኅበር ሴቶች መንገድ ሲጠቁሙ እንኳ «ከክሎቪስ ጫካ አጠገብ» ነው የሚሉት። ኤርሊን በዚህ ስንት ጊዜ ፊቷ እንደቀላ!

ዕድሜውን የጨረሰው ስኳር ፋብሪካ ነው፣ ስኳር የሚፈላበት ክፍል። ማታ ሲገባ ሸሚዙ ወንበር ላይ ይጣበቃል። ጡረታ ሲወጣ አሁንስ ተገላገልኩ አለች። ክሎቪስ በሳምንቱ ድስት ጥዶ ስኳር ማፍላት ጀመረ።

«ዕድሜህን ሙሉ ስኳር አፍልተህ፣ ጡረታ ወጥተህም ስኳር?» አለችው።

«ያኛውን የማፈላው ለማላውቀው ሰው ነበር» አለ።

እንዲህ ነው አነጋገሩ። ሰው ክርክር ሲያመጣለት አንድ ነገር ይልና ዝም ይላል፤ አንቺ ብቻሽን ስትጮሂ ትቀሪያለሽ። ማታ ማታ የመቁጠሪያ ሰዓት ሲደርስ እሱ በረንዳው ላይ ነው። ወፎቹ ሳይጨልም አንዴ ጠግበው የሚጠጡት በዚያ ሰዓት ነው አሉ። «ክሎቪስ፣ ጸሎት ነው!» ትለዋለች በመስኮት። «ስለኔም ጸልዪልኝ፤ እዚህ እንግዳ አለብኝ» ይላታል። ለእግዚአብሔር እናት ጀርባ ሰጥቶ ለወፍ ወንበር የሚያወጣ ሰው!

በማግሥቱ ከቡናው በኋላ የወፍ ሰዎቹ መጡ።

ከባተን ሩዥ ነው የመጡት፣ ሃልፐርን የሚባሉ ባልና ሚስት። በየዓመቱ በዚህ ወራት ወፍ ለማየት መጥተው ክሎቪስ አጠገብ በረንዳው ላይ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። ኤርሊን ተዋውቃቸው አታውቅም። እነሱ ሲመጡ እሷ በመስኮት ሆና ነበር የምትንቃቸው። ሚስትየዋ ኪስ ብቻ የሆነ ልብስ ለብሳለች። ባልየው አንገቱ ላይ የድስት አፍ የሚያህል ካሜራ አንጠልጥሏል። ከሱቅ የተገዛ ኬክ ከነዋጋ ወረቀቱ ይዘዋል።

«እጅግ በጣም አዝነናል» አለች ሚስትየዋ የኤርሊንን እጅ ይዛ። ዓይኗ ከኤርሊን ትከሻ በላይ አልፎ የጓሮውን መስኮት ያያል።

«ለቅሶ ለመድረስ ነው ወይስ ወፍ ለማየት?» አለች ኤርሊን።

«ለሁለቱም» አለ ባልየው። መዋሸት ያልተማረ ሰው ነው። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

አስቀመጧቸው። ቡና ተሰጣቸው። ሰውየው አንድ ጊዜ ፉት ብሎ ፊቱ ተጨማደደና ሲኒውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ኤርሊን ይኼንንም አየች።

«እና ኤርሊን ደህና ናት?» አለች ወይዘሮ ሃልፐርን ዙሪያዋን እያየች፣ ወሬ ለማምጣት ያህል። «ጋሽ ክሎቪስ በቅዱሳን በዓል ሰሞን ደውሎልን ነበር። ኤርሊን መጣች፣ ገና ከመምጣቷ አንዱን አባራ ደበደበችው ብሎ እንዴት እንዳሳቀን!»

ክፍሉ ውስጥ ማንኪያ የሚያማስል እጅ ሁሉ ቆመ።

«ኤርሊን እኔ ነኝ» አለች ኤርሊን።

«አይ፣ እኔ እንኳን ያልኳት...» ወይዘሮ ሃልፐርን ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ውይ። ውይ በሞትኩት። እኛ... እሱ ሁልጊዜ ባለቤቴ ነበር የሚልዎት። ስምዎን አናውቅም ነበር።»

«ማንን ነው ኤርሊን የሚለው?»

ሴትየዋ ባሏን አየችው። እሱ አሁንም መዋሸት አልተማረም።

«ወፏን» አለ። «የዛገችዋን። ባለፈው ዓመት ይዘን እግሯ ላይ የመለያ ቀለበት አሰርንላት፤ ዘንድሮም የተመለሰችው እሷው ናት። ያን ጊዜ ስም አውጣላት አልነው። ወዲያው ነው ያለው። ትንሽ ናት አለ፣ ቁጡ ናት፣ ጠርሙሱ ጋ ማንንም አታስደርስም። ቆንጆዎቹ በመስከረም ጥለውኝ ሲሄዱ እሷ ዘግይታ መጥታ ብርዱን ከኔ ጋር ትገፋዋለች። ታዲያ ሌላ ምን ስም አላት? አለን።»

መጀመሪያ የሳቀችው ኦዚት ናት። የሐዘን ሥርዓት ጠባቂዋ። በአፍንጫዋ ትንሽ ድምፅ አወጣች፣ ከዚያ መሐረቧን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አዜሊ ተከተለቻት። ዣኔል እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ኤርሊን እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። አገር ለአገር እየደወለ! ቁጡ፣ ጠበኛ፣ ስስታም፤ በባተን ሩዥ ኪስ ብቻ የለበሱ ሰዎች ሁሉ በእሷ ስም ሲስቁ ከርመዋል።

«ቡናችሁን ጨርሱና ሂዱ» አለች። «ካልጨረሳችሁም ሂዱ።»

ተነሱ። ሰውየው በር ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ጠርሙሱ ለምን ጥቁር ለበሰ?»

«ለነፍሱ ነው» አለች ኦዚት ዓይኗን እየጠረገች።

«ነገ ጠዋት ውርጭ አለ። እንዲህ ያለ ብርድ ሲመጣ ማታ ጠጥታ ካላደረች፣ ጠዋትም ካላገኘች...»

«እግዚአብሔር ድንቢጥን እንኳ አይረሳም ይላል መጽሐፉ» አለች ኤርሊን። «ይቺንም አይርሳት። እኔ ሐዘን ላይ ነኝ።»

በሩን ዘጋችባቸው። ኬኩን ለአዜሊ ሰጠቻት። «ውሰጂው፤ ለውሻሽ ተዝካር ይሁንሽ።»

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ወጥ ቤት ገብታ ብቻዋን ተቀመጠች። ከመንገዱ ሸንኮራ የጫኑ መኪኖች ተከታትለው ያልፋሉ፤ ውርጩ ሳይቀድማቸው ለማድረስ እየሮጡ ነው። ክሎቪስን ሳታገባ፣ ያን ጊዜም ልክ እንዲህ ነበር።

ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏት ነበር። ታናናሾቿ ተራ በተራ አግብተው ሄደዋል፤ እሷ አልጋ ላይ የዋለች እናቷን ታገላብጣለች። የማኅበሩ ሴቶች ለመሠዊያው አበባ እሷን ነበር የሚያሠሯት። ሙሽራ መሆን ለማትችል ሴት የሙሽራ አበባ ማሰር ይስማማታል ብለው ይሆናል። አንድ ቀን በሸንኮራው ወራት በሩ ተንኳኳ። የስኳር ፋብሪካው ክሎቪስ ነው፣ ያ ዝምተኛው፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አለችው።

«አንቺን።»

«ዘገየህ። ልጃገረዶቹ አልቀዋል።»

«ሸንኮራ የሚጣፍጠው ውርጭ ሊመታው ሲል ነው» አለ።

«የፋብሪካ ወሬህን እዚያው ለፋብሪካህ!» ብላ በሩን ጠረቀመችበት። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። በዚያም ማግሥት። ብርድ ነው፤ ከውጭ ቆሞ አንኳኩቶ ይጠብቃል። አይለምንም፣ አይጣራም፤ እስክትከፍት ዝም ብሎ ይቆማል። ያኔም ጎረቤቷ የነበረችው አዜሊ በመስኮቷ ታየው ነበርና «ያ ሰውዬ ደጅሽ ላይ ሥር ሊያወጣ ነው» አለቻት። በመጨረሻ የከፈተችው ለሰው መሳቂያ እንዳይሆን ብላ ነው። እንዲያ ነው ሁልጊዜ የምትለው።

አሁን ስታስበው፣ ከዚያ በኋላም ሲቆም እንጂ ሲለምን አይታው አታውቅም። አልጋ ላይ ሆኖ ጠርሙሱን እንዳትረሺ ሲላት፣ ከእሷ የጠየቀው የመጀመሪያ ነገር ያ ነው።

«ቢሆንም!» አለች ጮክ ብላ ለባዶው ወጥ ቤት።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሴቶቹ ለመቁጠሪያ ተሰበሰቡ። ሳሎን ውስጥ በተሸፈነው መስተዋት ሥር ተንበረከኩ። የምትመራው ኤርሊን ናት። እሷ ስትመራ ማንም አያዛጋም።

«ጸጋ የሞላብሽ ማርያም ሆይ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን...»

ድምፁን ሰማችው። ያ የስፌት መኪና። በመስኮቱ በኩል ወፏ ጨርቁ ፊት ቆማለች። ትዞራለች፣ ትመለሳለች፣ በአፏ ትነካለች። ትሄድና አናናስ የሚሸተው ቁጥቋጦ ላይ ታርፋለች። እንደገና ትመጣለች። አትጮህም። መጥታ ትቆማለች፣ ትጠብቃለች፣ ትሄዳለች፣ ትመጣለች።

«...ከሴቶች ሁሉ ተለይተሽ...»

ኤርሊን ቆመች። ጸሎቱን ነው ያቆመችው። አንድ ፍሬ በጣቶቿ መካከል ይዛ ስንተኛው እንደሆነ ጠፋት። በዕድሜዋ መቁጠሪያ ተምታቶባት አያውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው?» አለች ኦዚት።

ኤርሊን ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። በተንበረከኩት ሴቶች መካከል እግራቸውን እየረገጠች አለፈች። በረንዳው ላይ ወጥታ ሲባጎውን ልትፈታ ሞከረች፣ ኦዚት አጥብቃ ነው ያሰረችው፤ በጥርሷ በጠሰችው። ጥቁሩን ጨርቅ ገፍፋ የበረንዳው መደገፊያ ላይ ጣለችው። ውሃው ደፍርሷል፣ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል።

«ኤርሊን!» ኦዚት በር ላይ ደርሳለች። «ሐዘኑ ሳያልቅ! ነፍሱ ብትያዝስ?»

«ከተያዘች ደግሞ እኔ ቤት ናት። የት ልትሄድ ነው የነበረው?»

ደጇ ላይ የቆሙትን ሁሉ ገፍታ ወጥ ቤት ገባች። ጠርሙሱን በፈላ ውሃ አጠበችው፣ አፉን በጠባብ ብሩሽ ፈተገችው። አንድ ሲኒ ስኳር ለካች፣ አራት ሲኒ ውሃ ለካች፣ ድስቱን ጣደች። ሴቶቹ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ተደርድረው ያዩአታል።

«ቀይ ቀለም ጨምሪበት» አለች አዜሊ። «የኔ እህት ትጨምራለች። ቀለሙን ነው የሚወዱት።»

«ቀለም አይገባበትም። ማርም አይገባበትም። ያማቸዋል።»

«አንቺ ደግሞ ይኼን ከየት አመጣሽው?» አለች አዜሊ። «ወፍ አልወድም ስትይ አልነበር?»

ኤርሊን ድስቱን አማሰለች። ማንም አላስተማራትም። ክሎቪስ ድስቱን ሲጥድ እሷ ሁልጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ስትነጫነጭ ነበር። ጀርባዋ ነው የተማረው።

«አሁንም አልወድም» አለች። «በሩን ዝጊው፤ ብርድ ይገባል።»

ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ቶሎ አበረደችው። ጠርሙሱ ውስጥ ሞልታ ወስዳ ሰቀለችው። ግን መሽቶ ነበር፤ ወፏ አልመጣችም። ሴቶቹ መቁጠሪያውን ያለ እሷ ጨርሰው ወጡ። ነገ ቤተ ክርስቲያን የሚወራው ምን እንደሆነ ኤርሊን ቃል በቃል ታውቀዋለች። ያውሩ።

ጠዋት አገሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነጋ። ሣሩ ሲረገጥ እንደ ብስኩት ይሰበራል። የክሎቪስ ጫካ በአንድ ሌሊት ጠቁሯል፤ ቀዩ አበባ ሁሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተንጠልጥሏል። ከእንግዲህ ለወፍ የሚሆን አንዲት አበባ የለም። ጠርሙሱ በረዶ ሆኗል።

ኤርሊን ጥቁር ሹራቧን ደርባ ወጣች። አጥሩ ሥር አየቻት። ቅጠሉ የረገፈ ቀንበጥ ላይ በእግሮቿ ተጣብቃ፣ ላባዋ ተነፋፍቶ፣ አፏ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ፣ ዓይኗ ተከድኗል። አትንቀሳቀስም። እግሯ ላይ የፀጉር ውፍረት ያላት ቀለበት ትታያለች።

ኦዚት በነጠላ ጫማ ተከትላት ወጣች። አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሞታለች። ወይኔ አምላኬ። እኔ ነኝ፤ በኔ ጨርቅ ነው።»

«ዝም በይ እስቲ። ሁሉ ነገር በአንቺ ነው እንዴ?»

አንድ ዓመት ክሎቪስ በእንዲህ ያለ ጠዋት ጠርቷት ነበር። ጎትቶ አምጥቶ እንዲህ የደረቀች ወፍ አሳያት። አልሞተችም አላት፣ ብርዱን በእንቅልፍ ነው የምትወጣው፤ ፀሐይ ስትነካት ትነሳለች፤ ስትነሳ ግን የምትጠጣው ወዲያው ካላገኘች ያኔ ነው የምትሞተው። «ከሞተች ቅበራት፣ ካልሞተች ተዋት፤ ቡናው ቀዘቀዘ» ብላው ገባች። ስትነሳ አላየችም። እሱ ብቻውን ነው ያየው።

ፀሐይዋ የአጥሩን ጫፍ ነክታለች።

«እማ፣ ጠርሙሱን ምድጃ ላይ እናሙቀው» አለች ዣኔል ከበረንዳው።

«አይደርስም።»

ኤርሊን ጠርሙሱን ከመንጠቆው አወረደችው። የሹራቧን ቁልፎች ፈታች፣ የሐዘን ቀሚሷን ደረት ፈታች፣ በረዶውን ጠርሙስ ከሸሚዟ ሥር አስገብታ ሆዷ ላይ ለጠፈችው። ትንፋሿ ተቆረጠ። «ኧረ እመቤቴ!» አለች ኦዚት። ኤርሊን ጥርሷን ነክሳ በሁለት እጇ አቀፈችው። ፀሐይዋ በአጥሩ ላይ ወረደች፣ ቀንበጡ ጋ ደረሰች፣ የወፏን ጀርባ ነካችው። የዛገው ላባ ቀይ ሆነ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ሆዷ ላይ ውሃው ሲላቀቅ፣ በረዶው ብርጭቆውን ኳ ሲያደርገው ተሰማት።

ወፏ ተንቀጠቀጠች። ሁለመናዋ ነው የተንቀጠቀጠው። አንድ ዓይኗ ተከፈተ።

ተነሳችና ቀጥታ ወደ በረንዳው በረረች። መንጠቆው ባዶ ነው። ዞረችው፣ በግራ አየችው፣ በቀኝ አየችው።

«እዚህ ነው!» አለች ኤርሊን። «ዕውር ነሽ እንዴ? እዚህ ነኝ!»

ጠርሙሱን ከሸሚዟ አውጥታ እጇን ዘረጋች። ስኳር የተቀላቀለበት ውሃ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። ወፏ መጥታ ከፊቷ አየር ላይ ቆመች፣ እንደ ለመደችው ገላምጣ አየቻት፣ ከዚያ አፏን ከታችኛው የፕላስቲክ አበባ ውስጥ ከተተች። የክንፏ ነፋስ የኤርሊንን ጣቶች ይመታል። ጠርሙሱ ውስጥ ትንንሽ አረፋ ወደ ላይ ወጣ።

«ቀስ ብለሽ ጠጪ፣ ስስታም» አለቻት። «የሚነጥቅሽ የለም።»

ወፏ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ጠጣች። ኦዚት መሐረቧን ስትፈልግ ነጠላ ጫማዋ ሣሩ ላይ ቀረ።

«እማ፣ በቃ ስቀይውና ግቢ» አለች ዣኔል። «ክንድሽ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ኤርሊን ግራ እጇን ከቀኝ ክርኗ ሥር አስገብታ ደገፈችውና ዝም ብላ ቆመች።